ሐኪም ቤት የማይመጣ በሽታ

ስለ ደቡብ ጎንደር የጤና አገልግሎት ሲወራ መለኪያው ብዙ ጊዜ መንገድ ነው፤ ከጋይንት፣ ከእብናት ወይም ከስማዳ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሁለት ሚሊዮን ያለፈው የዞኑ ሕዝብ ከመቶ ዘጠና ያህሉ ገጠሬ ነበር። ጉናን ከብቦ በሸንተረርና በሸለቆ ለሰፈረ ሰው፣ ምጥ ሲጠና ወይም አጥንት ሲሰበር ቃሬዛው የሚጓዘው ርቀት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዐይን ማዝ ግን ይህ መለኪያ ያሳስታል። ማዝ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነውና በየወረዳው ሆስፒታል ቢገነባ እንኳ በሽታው ከመንደር አይነቀልም። በዚህ በሽታ አገልግሎት ደረሰ ማለት መድኃኒቱ ስንት ልጅ ደጃፍ ድረስ ሄደ ማለት ነው።

ባለሙያዎች ትራኮማ የሚሉትን ይህን በሽታ የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው በጣት፣ ዐይን በሚጠረግበት ጨርቅና ነጠላ፣ ዓይናር ፍለጋ ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ነው። ዝንቡም መራጭ ነው፤ በብዛት የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር እንጂ በጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ አይደለም። አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው ግን የላይኛው የዐይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል ይጠባሰስና በዓመታት ውስጥ ይኮማተራል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ወረንጦ ከብዙ የገጠር ቤት የማይጠፋውም ለዚህ ነው፤ ፀጉሩ ይነቀላል፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ እንደገና ይነቀላል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ባክቴሪያውን የተሸከመው የሦስት ዓመት ሕፃን ብዙም የማይታመም መሆኑ ነው፤ ዓይናሩም የልጅ ነገር ተብሎ ይታለፋል። ብርሃኗን በምታጣው ባልቴት ዐይን ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያው ጭራሽ ላይገኝ ይችላል። የበሽታው ምንጭና የበሽታው ጉዳት በአንድ ጎጆ እየኖሩ በአርባ ዓመት ይራራቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳየ፤ የአገሪቱ አማካይ 40 በመቶ ገደማ ነበር። የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማእከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር ሆኖ፣ ፋይዘር በነፃ የሚሰጠውን አዚትሮማይሲን በየዓመቱ ለሕዝቡ ማደል ከጀመረ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በየወረዳው የተደረገው ቅኝት ቁጥሩ ወደ ልጆቹ ሩብ ገደማ መውረዱን አሳየ። ሁለቱ ጥናቶች የለኩት ፍጹም አንድ ምልክት ስላልሆነ ልዩነቱን ቁጥር በቁጥር መቀነስ አይገባም፤ መሻሻሉ ግን አይካድም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠይቀው ከ5 በመቶ በታች ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ደክሞ ይሆን? ከዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ የተካሄደው ሙከራ አይደለም ይላል። እዚያ በጥብቅ ክትትል መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች፣ በልጆች ዐይን ላይ የነበረው ባክቴሪያ ከ40 በመቶ ገደማ በሦስት ዓመት ተኩል ወደ 2 እና 3 በመቶ ወረደ፤ በዓመት አንዴ በወሰዱትና ሁለቴ በወሰዱት መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በየሦስት ወሩ ልጆች ብቻ በታከሙባቸው መንደሮች ደግሞ ምንም ያልዋጡት ትልልቆች ሳይቀሩ ባክቴሪያው ቀነሰላቸው። መነሻው የከፋ አካባቢ ብዙ ዙር እንደሚሻ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ከሙከራው የምወስደው ትምህርት ምንጩ ልጆች መሆናቸውንና ውጤቱ በእደላው ቀን በቀሩት ላይ እንደሚወሰን ነው፤ ከብት ይዞ የዋለ እረኛ፣ ከሩቅ ጎጥ ያልመጣ ቤተሰብ።

ጠንካራው ተቃውሞ ከውኃ በኩል ይመጣል። አውሮፓ ከትራኮማ የተገላገለችው ያለ አዚትሮማይሲን፣ በኑሮ መሻሻል ነው፤ ታዲያ ለክኒን የሚወጣው ጉልበት ለምንጭ ማጎልበት ለምን አይውልም? ክርክሩ ማራኪ ነው፣ ግን ጎረቤት ዋግ ኽምራ ላይ ተፈትኗል። የውኃ ነጥብ ተሠርቶ፣ ሳሙና ታድሎ፣ ንጽሕና በየቤቱ እየተሰበከ ሦስት ዓመት የቆየበት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም፣ ባክቴሪያው ይህ ካልተደረገባቸው ቀበሌዎች የበለጠ አልቀነሰም። ውኃ በራሱ መብት ነው፣ ተቅማጥም አለ፣ የእናቶች ድካምም አለ፤ መቅረብ አለበት። ኑሮ እስኪሻሻል ማዝን እንዲጠብቅ ማድረግ ግን የዛሬዎቹን ልጆች ለነገ ወረንጦ ማጨት ነው።

ሌላው ስጋት መድኃኒት መላመድ ሲሆን፣ ባዶ ፍርሃት አይደለም። በዚያው በጎንቻ ሙከራ፣ በልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚኖረው የሳንባ ምች ባክቴሪያ አዚትሮማይሲንን መቋቋሙ በእጅጉ ጨምሯል፤ እደላው ሲቆም ግን እየቀነሰ እንደሚሄድ ጥናቶች አሳይተዋል። የትራኮማው ባክቴሪያ ራሱ መላመዱ አልታየም። በሚዛኑ ሌላ ወገን ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አለ፤ መድኃኒቱን የወሰዱ ልጆች ሞት ካልወሰዱት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ከስጋቱ የሚከተለው፣ እደላውን ከማቆም ይልቅ ሳያንጠባጥቡ አዳርሶ ቶሎ መጨረስ ነው ብዬ አምናለሁ። ግማሹን እየዘለሉ ሃያ ዓመት ማደል ሁለቱንም ኪሳራ ያመጣል።

ቆቡ ለታጠፈባቸውም ሆስፒታሉ ብቸኛ በር አይደለም። የሠለጠነ ነርስ ቦታውን ብቻ አደንዝዞ ጤና ጣቢያ ላይ ቀዶ ጥገናውን መሥራት ይችላል። ሴቶች ከወንዶች ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ የሚጎዱት ዕድሜያቸውን ከሕፃናት ጋር ስለሚያሳልፉ ነው፤ ሕክምናው ነፃ ቢሆንም ዐይኗ ታሽጎ የምታድር ሴት ውኃውን ማን ይቀዳላታል፣ እንጀራውንስ ማን ይጋግራል? ቀዶ ጥገናው ቀበሌዋ ድረስ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና፣ ከዚያ በኋላም ጦርነቱና ግጭቱ ዙሮችን አስተጓጉለዋል፤ ባክቴሪያው ግን ዙር አይጠብቅም። በእደላው ቀን የልጁ መጠን የሚወሰነው በሚዛን ሳይሆን በቁመት መለኪያ ዘንግ ነው፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጣል። ቅጹ ላይ የሚሞላው ስንቱ ዋጠ የሚለው ነው። እኔ እዚያው ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ እጨምር ነበር፤ በዚያ ቀን ከቤት ያልተገኙ ልጆች ስም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሳምንቱ ዘንጓን ይዛ የምትመለስባቸው።