ወደ ታች የወረደውና ወደ ላይ የሚወጣው

በክረምት፣ ዝናቡ በየካ ጋራ ላይ ሲወርድ ውሎ ካባራ በኋላ፣ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ቦሌ በኩል ባሉት ድልድዮች በአንዱ ላይ ቆሞ የፈፋውን ጎርፍ የሚመለከት ሰው፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱና የአሮጌ ጫማው ቁራጭ እየተገፋፋ ሲጋልብ ከማየት በቀር፣ በዚያ ውስጥ ሕያው ፍጥረት ይኖራል ብሎ ለመገመት ይቸግረዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ውኃ ከእንጦጦ ግርጌ ከሚመነጩት ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ በትልቁ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ሲደርስ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ ባለርስት የሆነ አንድ ዓሣ ይቀበለዋል፤ ስሙም ካርፕ ይባላል።

በአውሮፓ የወንዝ ዳር ነዋሪ ስለ መጤ እንስሳ ሲያወራ አስቀድሞ የሚያነሣው ሚንክን ነው፤ ይህም ቁመናው ከእኛ ፋሮ የሚቀራረብ፣ ዋናተኛና ሥጋ በል የሆነ አውሬ፣ ስለ ጠጉሩ ልስላሴ ሲባል ከሰሜን አሜሪካ ተወስዶ በጉረኖ ይረባ የነበረ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1929 ገብቶ፣ ከጉረኖው ያመለጠው እ.ኤ.አ. በ1956 በዱር ሲዋለድ ተገኘ፤ እንስቲቱ ቀጭን ናትና የውኃ አይጥን እስከ ጉድጓዱ ድረስ ተከትላ ስለምትገባ፣ ሌላው ጠላት የማይደርስበት መሸሸጊያ ለእርሷ ማዕድ ቤት ሆነላት። በእኛ ወንዞች ሚንክ የለም፤ ዘመዱ አቆስጣ ግን ነባር ነው። የእኛ መጤዎች ጠጉር የላቸውም።

ካርፕ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከኢጣልያ መጥቶ አባ ሳሙኤል ውስጥ ተለቀቀ። በኮካ መንገድ ዳር በሳፋ ተጋድሞ ሲሸጥ ቀረብ ብሎ ያየው ሰው፣ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም የሰፋ መሆኑን፣ በአፉም ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት አጫጭር ጢም መሰል ጅማቶች መንጠልጠላቸውን ያስተውላል፤ ሊሞት ሲያጣጥር እንኳ ከንፈሩን እንደ ቱቦ እያስረዘመ ይስባል። የጠባዩ ምሥጢር ያለው በዚህ ከንፈር ነው። ጭቃውን ይምጋል፣ ትሉንና ዘሩን ለይቶ ያስቀራል፣ የቀረውን ይተፋል፤ ሲምግና ሲተፋ የውኃውን ሣር ከነሥሩ ይነቅላል፣ የጠራውን ያደፈርሳል፣ በጠራ ውኃ አድኖ የሚኖረውና ጥልቀት በሌለው ውኃ አሸዋ ላይ ጎጆ የሚሠራው ነባር ዓሣ ይጨነቃል፤ እርሱ ግን ለአየር ጥበትም ለድፍርስም ስለማይበገርና አንዲቱ እንስት በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል፣ የከተማ እድፍ በሚወርድበት ግድብ ውስጥ ከእርሱ የተሻለ ነዋሪ አይገኝም። ጥፋቱን ያደረሰው በክፋት አይደለም፤ ግዕዛን የሌለው ፍጥረት ነውና ኃላፊነቱ ያመጣው ሰው ነው።

ከአባ ሳሙኤል ያፈተለከው በአዋሽ በኩል ወርዶ፣ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮካን ግድብ ወረሰ። በዝዋይ ሐይቅም ይገኛል፤ ዝዋይ ግን ከአዋሽ ጋር የማይገናኝ ተፋሰስ ስለሆነ፣ ወደዚያ የወሰደው ወንዝ ሳይሆን የሰው እጅ መሆኑ ግልጽ ነው። እንዲህም ሆኖ ልፈርድበት አልደፍርም፤ አጥማጁ ልጆቹን የሚያሳድግበት፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያልን ስንከራከር ከርመን በመጨረሻ ብዙዎቻችን የምንገዛው እርሱንም ነውና። በ1959 ዓ.ም. ገደማ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በወይብና በዳንካ፣ የተለቀቀው ትራውት ግን ለመንጠቆ ጨዋታ ሲባል የመጣ ስለሆነ ለእርሱ ያን ያህል አልራራም።

ሊቃውንት በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው ሐሙስ ዕለት ከውኃ የተገኙትን በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ ካርፕ ወደ ታች ሲወርድ፣ ያንኑ የአዋሽን ሸለቆ ወደ ላይ እየወጣ ያለው ከሦስተኛው ወገን ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ወባ አስተላላፊ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በቀብሪደሃር ተገኘች፤ ቀጥሎም በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በገዋኔ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ታየች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። የቀድሞዋ የወባ ትንኝ የገጠር ረግረግና የዝናብ ኩሬ ስትፈልግ፣ ይህችኛዋ በሮቶ፣ በበርሜልና በግንባታ ጉድጓድ የተከማቸ ንጹሕ ውኃ ይበቃታል፤ የቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ባለበት ሁሉ ክረምትን ሳትጠብቅ ትራባለች።

ላምበረት ከፍታና ብርድ አለው፤ የወባ አገር አይደለም። ነገር ግን የቧንቧ ውኃ በተራ ስለሚመጣ፣ በርሜል የሌለው ግቢ አይገኝም። እጩን መለየት ቀላል ነው፦ ተራው ትንኝ በልጅነቱ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ጅራቱን ከውኃው ገጽ ያንጠለጥላል፤ የወባይቱ እጭ ግን እንደ ቁራጭ ገለባ በገጹ ላይ ጋደም ትላለች። ከእንቅልፌ ስነሣ የበርሜሌን ክዳን ከፍቼ በስልክ መብራት መመልከት ልማድ ሆኖብኛል፤ እስካሁን ያየኋቸው ሁሉ የተዘቀዘቁት ናቸው።