ከሠላሳው ቀን በፊት ያለው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ክሪስ ባቲ የተባለ ጸሐፊ ወዳጆቹን አሰባስቦ በአንድ ወር ልቦለድ ጽፎ የመጨረስ ፉክክር ጀመረ። 21 ሰዎች ነበሩ። በዓመቱ ወሩ ኖቬምበር እንዲሆን ተወሰነ። ልኩ 50,000 ቃል ነው፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 1,667 ይደርሳል። ዳኛ የለም፣ የታሪኩን ጥራት የሚመዝንም የለም፤ ቁጥሩን የሞላ ሁሉ አሸናፊ ነው። ፉክክሩን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱን ቢያስታውቅም፣ ሐሳቡ የማንም ሰው ነውና ወር መርጦ መጻፍ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው።

ኖቬምበር በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር ጽዮን ያለው ነው። በእሱ መታሰር ግን ግድ አይደለም፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ ልክ 30 ቀን ናቸው። መስከረም በበዓል ያልቃል፤ ጥርን ጥምቀትና ሠርግ ይሻሙታል። ሐምሌ ላይ ግን ዝናቡ ራሱ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል። ሐምሌን የመረጠ ሰው ሰኔን ለዕቅድ ይለቃል ማለት ነው። የፉክክሩ ዕድል የሚወሰነውም በዚህ በማይቆጠረው ወር ነው።

ዶስቶየቭስኪን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1865 ስቴሎቭስኪ ከተባለ አሳታሚ ጋር ክፉ ውል ገብቶ ነበር፤ አዲስ ልቦለድ በቀነ ገደቡ ካላስረከበ ሥራዎቹን አሳታሚው ለዓመታት ያለ ክፍያ ሊያሳትማቸው ነው። አና ስኒትኪና የምትባል ወጣት የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ቀጠረና «ቁማርተኛው»ን በ1866 በቃሉ እየነገረ በ26 ቀን አስጻፋት። ይህ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፦ የልቦለዱን ሐሳብ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1863፣ ለወዳጁ ለስትራኮቭ በደብዳቤ ዘርዝሮለት ነበር። ባለታሪኩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነና ምን እንደሚያሳድደው ያውቀዋል። ሃያ ስድስቱ ቀን ታሪክ የሚጻፍበት እንጂ የሚፈለግበት አልነበረም።

ታዲያ በሰኔ የሚፈለገው ምንድን ነው? ሴራ ነው። ሴራ የድርጊቶች መደዳ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ድርጊት ሌላውን እየወለደ የሚሄድበት ሰንሰለት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ጥሩ ማስተማሪያ ይሆናል። የበዛብህ እናት ልጃቸው በሕመም ሲሰቃይባቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል፤ በስለቱ የተነሣ ትዳር ይከለከላል። ትምህርቱ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያደርሰዋል፤ በዚያም ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። ፊታውራሪ ደግሞ ዘር እየቆጠሩ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ የኖሩ አባት ናቸው። ስለቱ ወይም የዘር ቆጠራው ቢወጣ ታሪኩ ይፈርሳል። በዕቅድ ጊዜ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፦ ይህ ቢወጣ ምን ይፈርሳል? ምንም የማይፈርስ ከሆነ ይውጣ።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሁለት ትውልድ የሚያካልል ታሪክ ለሠላሳ ቀን አይመችም። የሚመቸው ጊዜው የታጠረ ነገር ነው፤ አንድ ክስ፣ አንድ ሠርግ፣ አንድ ጉዞ። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን (1975 ዓ.ም.) በቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ሲያቆመው፣ ዘመቻው የራሱን መነሻና ግስጋሴ ይዞለት መጥቷል።

አሁን አንድ ሙከራ እናድርግ። ላንቻ፣ ከባቡሩ ፌርማታ ብዙ ሳይርቅ፣ ጋራዥ ያለው መካኒክ አለ እንበል። አንድ ደንበኛ ያስገባው መኪና ስድስት ወር ሙሉ ቆሟል፤ ባለቤቱ ጠፍቷል። ይህ ጥሩ መነሻ ነው፣ ሴራ ግን ገና አልሆነም። መካኒኩ ዕቁቡን ቀድሞ በልቶታል እንበል፤ ዋሱም አማቹ ነው። መክፈል ሲያቅተው ዋሱ ይያዛል። ስለዚህ የቆመውን መኪና ካምቢዮ ፈቶ ሶማሌ ተራ ይሸጠዋል። ዋሱ ይተርፋል፤ ነገር ግን በሳምንቱ የባለመኪናው ልጅ ሊብሬ ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ ይዋሻል። ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻገሩን «ስለዚህ» እና «ነገር ግን» ናቸው። «ከዚያ» ብቻ እየተደጋገመ የሚሄድ ዕቅድ በሁለተኛው ሳምንት ያልቅበታል።

መቼቱም ለጌጥ አይቀመጥም። ባለመኪናው የት ጠፋ? የካዛንቺስ ሰው ከሆነ መልሱ ቅርብ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውሯል። መካኒኩ ፍለጋ ሄዶ ቤቱ የነበረበትን ሜዳ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሰፈሩና ዓመቱ ሲታወቁ የሴራው አንድ ቀዳዳ ተደፈነ።

ዕቅዱ በምን ይጻፋል? ውድ መሣሪያ አያሻም። ዦርዥ ሲመኖን ልቦለድ ከመጀመሩ በፊት የሰዎቹን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ በፖስታ ጀርባ ላይ ያሰፍር ነበር። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ምዕራፎቿን በእጅ በተሰመረ ሠንጠረዥ ታቅዳለች። በአማርኛ መመሪያ ለሚፈልግ ደግሞ የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ በ1977 ዓ.ም. ያሳተመው «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» አለ።

ለጀማሪ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ባለታሪኩ ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያግደዋል፣ መጨረሻው ምን ይሆናል። ከአራቱ ብዙ ሰው የሚያሳድረው የመጨረሻውን ነው፤ ሊያድር የማይገባውም እሱ ነው። መካኒኩ በ28ኛው ቀን እውነቱን የሚናገር ከሆነ፣ በሰፈሩ በታማኝነቱ የተከበረ መሆኑ በሦስተኛው ቀን መታየት አለበት። ሳይናገር የሚቀር ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው ቀን የሚታየው ሌላ ጠባይ ነው። ከዚያ ወሩን በሦስት በሦስት ቀን ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ መታጠፊያ መስጠት ነው፤ አሥር መታጠፊያ፣ ለእያንዳንዱ 5,000 ቃል።

ባለታሪኩ በመሐል ከዕቅዱ ቢያፈነግጥ ክፋት የለውም፤ ወረቀቱን ማረም የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ የተጻፈ መቶ ገጽ ማረም ግን ወር ይበላል። ሐምሌ 1 ጠዋት ለተቀመጠ ጸሐፊ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው፦ ዛሬ መካኒኩ በካምቢዮው ዋጋ ከደላላው ጋር ይከራከራል። ምን እንደሚጻፍ ከታወቀ 1,667 ቃል በቀን የሚደረስበት ቁጥር ነው።