ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ክበብ

የቴክኖሎጂ ወዳጆች በየትምህርት ቤቱ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየሰፈሩ የሚያቋቁሟቸው ክበቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚዳከሙት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በምሥረታው ቀን ወንበር ይጠፋል፤ በሦስተኛው ስብሰባ መሥራቾቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ያን ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ ማስታወቂያ ነው፦ ሌላ ፖስተር፣ ሌላ የቴሌግራም መልእክት፣ ስመ ጥር እንግዳ ተናጋሪ። ማስታወቂያ ሰውን አንድ ጊዜ እንደሚያመጣ አይካድም። ሁለተኛ ጊዜ የሚያመጣው ግን የመጀመሪያው ምሽት ነው፤ እንግዳው በበሩ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ያገኘው ነገር። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ሆኖ የማገኘው በ1975 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ የተመሠረተውን ሆምብሪው ኮምፒውተር ክለብን ነው። ክለቡ የራሱ ቤትም ሀብትም አልነበረውም። ሆኖም የግል ኮምፒውተር ሥራ ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

በዚያ ዓመት የጃንዋሪ ወር እትሙ ላይ ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔት አልቴር 8800 የተሰኘ፣ ገዢው ራሱ በብየዳ የሚገጣጥመው ኮምፒውተር በሽፋኑ ይዞ ወጣ። ዋጋው 397 ዶላር ነበር። ኪቦርድም ስክሪንም የለውም። ትእዛዝ የሚሰጠው ፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ ወደ ላይና ወደ ታች በማድረግ ሲሆን፣ መልሱ የሚነበበው ከጥቃቅን መብራቶች ነው። አብሮት የሚመጣው የማስታወስ አቅም 256 ባይት ብቻ ነው፤ የዚህን አንቀጽ ሩብ እንኳ መያዝ አይችልም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ያዘዘ ሰው ገጣጥሞ ከጨረሰ በኋላ ምን እንደሚያደርግበት የሚጠይቀው ጎረቤት አልነበረውም። ፍሬድ ሙር የተባለ የሰላም ታጋይና ጎርደን ፍሬንች የተባለ መሐንዲስ ያስተዋሉት ይህንን ብቸኝነት ነው። ማርች 5 ቀን 1975፣ ዝናባማ በሆነ ረቡዕ ምሽት፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የፍሬንች ጋራዥ ውስጥ 32 ሰዎች ተሰበሰቡ።

ሙር ለዚያ ምሽት በየቦታው የለጠፈው ወረቀት ሊጠና የሚገባው ነው። ስለ ክለቡ ዓላማና ራእይ የሚለው ነገር አልነበረም፤ ክለቡ ራሱ ገና ስም አልወጣለትም። ወረቀቱ አንባቢውን ይጠይቅ ነበር፦ የራስህን ኮምፒውተር እየሠራህ ነው ወይ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ መጻፊያ እየሞከርክ ነው ወይ፣ እንዲህ ያለ ሌላ ዕቃ በእጅህ አለ ወይ፣ እያለ። ከዚያ በኋላ ነው መረጃ ለመለዋወጥና በሥራ ለመረዳዳት ና የሚለው። ጥያቄው የማይመለከተው ሰው አንብቦ ያልፋል፤ ማለፉም ምንም ጉዳት የለውም። የሚመለከተው ግን ወረቀቱ ለእሱ እንደተጻፈ ያውቃል። አብዛኞቹ የእኛ ክበቦች ማስታወቂያ በተቃራኒው ስለ ራሱ ስለ ክበቡ ይናገራል፦ መቼ እንደተቋቋመ፣ እነማን እንደሚመሩት፣ ምን ዓይነት የክብር እንግዳ እንደሚገኝ። አንባቢው ከዚህ ሁሉ የራሱን ቦታ አያገኝም።

የክለቡ ትልቁ ብልሃት ግን በስብሰባው አሠራር ላይ ነበር። ከጋራዡ ወጥቶ ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ፣ ከዚያ ወደ አንድ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ስታንፎርድ የቅንጣት ማፍጠኛ ማእከል አዳራሽ ተዘዋወረ። ቦታው እንዲህ ሲቀያየር በየሁለት ሳምንቱ የሚመጣው ረቡዕ ግን አልተነካም። ስብሰባውን ለመምራት የበቃው ሊ ፌልሰንስታይን የተባለው መሐንዲስ ምሽቱን ለሁለት ከፈለው። በመጀመሪያው ክፍል ረጅም ዘንግ በእጁ ይዞ እጁን ያወጣውን ሁሉ እየጠቆመ ያናግራል፤ ሰውየው ተነሥቶ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለው፣ ምን እንደሰማ በአጭሩ ይናገራል። ንግግር አይረዝምም፤ ክርክር ከተነሣም ለኋላ ይቆያል። በሁለተኛው ክፍል ወንበር ይለቀቅና እያንዳንዱ ቀደም ሲል ልብ ያለውን ሰው ፈልጎ ይሄዳል። ቺፕ የጎደለው ቺፕ ወዳለው፣ መዘርዝር የያዘው መዘርዝር ወደሚፈልገው ይጠጋል። ዕቁብ ላይ ሰው የማይቀረው የራሱ ዕጣ ስላለበት ነው፤ እዚህም እያንዳንዱ መጪ ተናግሮም ሆነ ፈልጎ የሚያገኘው የራሱ ድርሻ ነበረው። ለሁለት ሰዓት አንድ ሰው ብቻ እየተናገረ ሌላው የሚያዳምጥበት ስብሰባ ይህን ድርሻ አይሰጥም፤ ተናጋሪው ምንም ያህል አዋቂ ቢሆን።

ይህ አሠራር ምን እንዳደረገ በስቲቭ ዎዝኒያክ ታሪክ ላይ ይታያል። ዎዝኒያክ ያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነበር፣ ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ ካልኩሌተር ይነድፍ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት የመጣው ጓደኛው ስለነገረው ሲሆን፣ ሰዎቹ ሁሉ ስለ አልቴር ሲያወሩ ቦታው እንዳልሆነ ተሰምቶት እንደነበር ራሱ ተርኳል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይዞ ወጣ፤ እዚያ የታደለ የማይክሮፕሮሰሰር መግለጫ ወረቀት። እሱን ካነበበ በኋላ ነው የራሱን ኮምፒውተር መንደፍ የጀመረው። ዓይን አፋር ስለነበር በስብሰባው ፊት እጁን አውጥቶ አይናገርም። ሥራውን የሚያሳየው በሁለተኛው ክፍል ነበር፤ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፣ ሰው ይከበዋል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል። የዑደት ንድፉንም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ይሰጥ ነበር። ያ ማሽን ቆይቶ አፕል 1 ተባለ፤ አፕል ኩባንያም በኤፕሪል 1976 ተመሠረተ። ምሽቱ በመድረክ ንግግር ብቻ ተጀምሮ በመድረክ ንግግር ቢያልቅ ኖሮ ይህ ወጣት ማሽኑን የሚያሳይበት ጊዜ አይኖርም ነበር። በየክበቡ ጥግ ይዘው ዝም ብለው የሚወጡትን ልጆች ሳስብ ብዙ ነገር እንደምናጣ ይሰማኛል።

የስቲቭ ዶምፒየር ምሽትም መነሣት አለበት። ዶምፒየር አልቴሩን አዝዞ ሲዘገይበት ይደርስ እንደሆነ ለማየት እስከ አምራቹ ከተማ እስከ አልበከርኪ ድረስ በአውሮፕላን የሄደ ሰው ነው። በኤፕሪል 1975 ማሽኑን ይዞ መጣ፣ አጠገቡ ተራ ሬዲዮ አስቀመጠ፣ ከዚያም ፕሮግራሙን በማብሪያ ማጥፊያ እየቆጠረ ያስገባ ጀመር። መሐል ላይ የኤሌክትሪክ ገመዱ በሰው እግር ተነቅሎ የገባው ሁሉ ጠፋ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሲጨርስ ኮምፒውተሩ የሚረጨው የሬዲዮ ሞገድ በሬዲዮው ውስጥ የቢትልስ ዜማ ሆኖ ተሰማ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ለተሰበሰበው ሰው ማሽኑ አንድ ነገር ሲያደርግ ማየት ስለ ማሽኑ ከሚሰጥ ማብራሪያ ሁሉ በልጦ ነበር።

ሙር ከስብሰባው በተጓዳኝ ጋዜጣ አዘጋጀ። የመጀመሪያው እትም የወጣው ከመጀመሪያው ስብሰባ በኋላ በአሥረኛው ቀን ነው። በጋዜጣው ላይ የተሰብሳቢዎቹ ስምና እያንዳንዱ የሚሠራው ወይም የሚፈልገው ተጽፎ ነበር። ከ32ቱ ስድስቱ የራሳቸውን ኮምፒውተር ሠርተው እንደነበር የምናውቀው ከዚያ ነው። ላልመጣው ማስታወቂያ ሆነ፤ ለመጣው ደግሞ ስሙን በወረቀት ያየበት ማረጋገጫ። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ላለው ለማንኛውም ክበብ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ የማይወስድ ሥራ ነው።

ሊነሣ የሚችለው የመጀመሪያ ተቃውሞ ሰዎቹን ያመጣቸው አልቴር እንጂ የስብሰባው አሠራር አይደለም የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ ጥማቱ ባይኖር ኖሮ ወረቀቱም ዘንጉም አይሠሩም ነበር። ነገር ግን ጥማት ያለው ሰው ፊቱን ወደ መደብር ወይም ወደ መጽሔት ሊያዞር ይችላል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ለዓመታት በየሁለት ሳምንቱ አንድ አዳራሽ የተመላለሰው እዚያ የሚያገኘውን ሌላ ቦታ ስላላገኘ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ ላይ ስላለ መሰብሰብ አያስፈልግም የሚለው። ለዚህ መልስ የምፈልገው ከ1975 ሳይሆን ከ2009 ነው። በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር ማርቲነ ፖስትማ የተባለች ጋዜጠኛ አምስተርዳም ውስጥ የመጀመሪያውን የጥገና ካፌ ከፈተች። ሰው የተበላሸ የዳቦ መጥበሻውን ወይም ሬዲዮውን ይዞ ይመጣል፣ ከበጎ ፈቃደኛ ጠጋኝ አጠገብ ይቀመጣል፣ አብረው ይፈቱታል። ዩቲዩብ ያን ጊዜም ነበረ፤ እንዲያም ሆኖ ዛሬ እንዲህ ያሉ ካፌዎች በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ናቸው። ኢንተርኔት መልስ የሚሰጠው ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ ለሚችል ሰው ነው። ጀማሪ ደግሞ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ዕቃውን በእጁ ይዞ አይቶ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። የጥገና ካፌ መጪ ይዞት የሚገባው ብልሽት ራሱ የመቀመጫ ፈቃዱ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ክፍት በር ዋጋ ያስከፍላል የሚለው ነው። ያስከፍላል። ቢል ጌትስ በፌብሩዋሪ 1976 ለኮምፒውተር ወዳጆች የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ በዚሁ በሆምብሪው ጋዜጣ ላይ ታትሟል፤ ሶፍትዌሩን ሳይከፍሉ እየገለበጡ ይጠቀማሉ ብሎ ነበር የከሰሳቸው፣ መገልበጡም እውነት ነበር። የራሳቸውን ኩባንያ ያቋቋሙ አባላትም እየዋለ ሲያድር የንግድ ምስጢር የሚጠብቁ ሆኑ፤ ክለቡ በዲሴምበር 1986 ተዘጋ። መስጠትና የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ማደል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዎዝኒያክ የሰጠው የራሱን ንድፍ ነው። ክበብ ይህን ድንበር ከጅምሩ ቢያስቀምጥ የሚያጣው ሰው የለም።

ለመጪው ሁሉ ድርሻ ለመስጠት ለአዲስ አበባ የቅርብ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቁሟል። አማተር ሬዲዮ ፈቃድ የሚጠይቅ የትርፍ ጊዜ ሥራ ስለሆነ ጀማሪው ገና በመጀመሪያው ቀን ማይክሮፎን ላይይዝ ይችላል። ይሁንና የአንቴና ሽቦ የሚወጥር፣ ከማዶ የሚመጣውን ድምፅ የሚያዳምጥ፣ የተገኘውን ጣቢያ ስምና ሰዓት መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሰው ያስፈልጋል። የሰሜን አሜሪካ አማተሮች በ1933 በተጀመረውና በየዓመቱ በጁን ወር ከቤት ውጭ ጣቢያ ተክለው በሚያካሂዱት የሜዳ ቀን ላይ፣ ለጀማሪዎች የተለየ ጣቢያ አቁመው ፈቃድ ያለው ሰው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። የእኛም የሮቦቲክስ፣ የፕሮግራሚንግና የኤሌክትሮኒክስ ክበቦች ቀጣዩን ፖስተር ከማተማቸው በፊት ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ባዶ ወንበርና አንድ ያልተበየደ ሰሌዳ ቢያስቀሩ፣ ለዚያ ምሽት ለሚመጣው እንግዳ።