የሕፃኑ ቆዳ ሽፍ ሲል

በዱርቤቴ ዙሪያ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሕፃኑ ቆዳ ሲደርቅና ሽፍ ሲል አጥብቃችሁ አትሹት፤ ይብስበታል። ለብ ባለ ውኃ ቶሎ እጠቡት፤ ሳሙና አታብዙ። በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ ቆዳው ገና ወዝ እንዳለው ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ቅቤስ? ልማዳችን ነው፤ ቆዳው ከቆሰለ ግን አይንካው፤ ሊያመረቅዝ ይችላል። የሸናበትን ጨርቅ ቶሎ ለውጡለት። በሙቀት ጊዜ ደራርባችሁ አታፍኑት።

ሌሊት ሌሊት እያሳከከው ካለቀሰ፣ የቤቱንም ሰው ካሳከከው፣ እከክ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን ብዙ ሰው ይዞ ነበር። ይህን ቫዝሊን አያድነውም። ሕፃኑ ብቻውን ቢታከም ከእናንተው መልሶ ይይዘዋል፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ታከሙ። መግል ከያዘ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ጡት እንቢ ካለ ግን ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ውሰዱት።