ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ምጥ፦ ጠባሳው፣ ግፊቱና ሰዓቱ

በአገራችን ለወለደች ሴት ከሚቀርቡት የደስታ መግለጫዎች በሰፊው የሚታወቀው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ነው። «ማረችሽ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የቀደሙት ሰዎች መውለድን ከሞት አፋፍ እንደ መመለስ ይቆጥሩት እንደ ነበር ያመለክታልና። ዛሬ እናቶችን ከዚህ አፋፍ ከሚመልሱት የሕክምና ጥበቦች አንዱ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአገሪቱ ከሚወለዱት ሕፃናት መካከል በዚህ መንገድ የተወለዱት 2 ከመቶ ያህል ነበሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ አኃዙ ወደ 5 ከመቶ ከፍ ብሏል።

ይህ ዕድገት የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ሆኖም አንድ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል፤ አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቀጣዩን ልጇን እንዴት ትውለድ? በማሕፀን በር በኩል በምጥ ለመውለድ ትሞክር ወይስ ምጥ ሳይመጣ በቀጠሮ እንደገና ትሰንጠቅ? ጥያቄው በአዲስ አበባም ሆነ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒም ሆነ በበቃ የቡና እርሻ አካባቢ የሚነሳ ነው። መልሱ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሊሆን እንደማይችል በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቀምባቸውም ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች ጠባሳ፣ ግፊትና ጊዜ ናቸው።

የአንድ ምክር ታሪክ

በ1916 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ክሬጊን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፣ አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ሁልጊዜም በዚያው መንገድ ትወልዳለች የሚል ትርጉም ያለው ሐሳብ በጽሑፍ አሰፈሩ። የክሬጊን ዓላማ ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ያለ በቂ ምክንያት እንዳያደርጉ ማስጠንቀቅ ነበር። ይሁን እንጂ አባባሉ ለብዙ አሥርተ ዓመታት እንደ ሕግ ተወሰደ።

በዚያ ዘመን ማሕፀን የሚከፈተው ከላይ ወደ ታች፣ በወፍራሙና በኃይል በሚኮማተረው የላይኛው ክፍል ላይ ነበር። በ1920ዎቹ የግላስጎው ሐኪም የነበሩት ማንሮ ከር የታችኛውን ቀጭን የማሕፀን ክፍል በአግድም የመክፈትን ዘዴ አስፋፉ። ይህ ክፍል በምጥ ጊዜ እንደ ላይኛው በኃይል አይኮማተርም፤ ጠባሳውም በተሻለ ሁኔታ ይይዛል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይኸው አግድም ቁርጥ ነው። ቀጥ ያለ የላይኛው ቁርጥ ያላት እናት በምጥ ብትወልድ ማሕፀኗ የመተርተር ዕድሉ ከመቶ ከ4 እስከ 9 ይደርሳል ተብሎ ስለሚገመት ምጥ እንድትሞክር አይመከርም። አንድ አግድም ቁርጥ ብቻ ላላት ግን አደጋው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር፣ በሆድ ቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ በማሕፀን ላይ ያለውን የማያመለክት መሆኑ ነው። ቆዳው በአግድም፣ ማሕፀኑ በቁመት፣ ወይም በተቃራኒው ሊቆረጥ ይችላል። እውነቱን የሚያውቀው የቀዶ ሕክምናው መዝገብ ብቻ ነው።

ጠባሳ ምን ያህል ይሸከማል?

ብዙ ጊዜ የተለጠፈ የብስክሌት ካላማደሪያ የነፋ ሰው፣ አየሩ ሲበዛ አስቀድሞ የሚያሳስበው የተለጠፈው ቦታ እንደ ሆነ ያውቃል። ማሕፀንም በመጠኑ እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የደረሰበት ሕግ እንደሚለው፣ በክብ ከረጢት ግድግዳ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ከውስጥ ግፊቱና ከራዲየሱ ብዜት ግማሽ ጋር እኩል ነው።

ለግምት ያህል ማሕፀንን 10 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ እንዳላት ኳስ እንቁጠራት። በጠንካራ ምጥ ጊዜ በውስጧ ያለው ግፊት ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ስሌቱ ሲሠራ እያንዳንዱ የአንድ ሴንቲ ሜትር የግድግዳ ስፋት 340 ግራም ያህል ክብደት የተንጠለጠለበት ያህል ይወጠራል። ግድግዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ይህ ሸክም በሰፊው ይከፋፈላል። በጠባሳው አካባቢ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዱ የሥጋ ክር የሚሸከመው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። እናቲቱ በምታምጥበት የመጨረሻ ሰዓት ግፊቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ድግግሞሽ ይጨመራል። በአሥር ደቂቃ ሦስት ጊዜ የሚመጣ ምጥ ለአሥር ሰዓታት ቢቆይ ጠባሳው 180 ጊዜ ይወጠራል። እውነተኛዋ ማሕፀን ፍጹም ኳስ አይደለችም፤ ሕያው ሥጋም እንደ ጎማ አይደለም። ቢሆንም ስሌቱ ሐኪሞች በልምድ የደረሱባቸውን ሦስት ነገሮች ለመረዳት ይረዳል። የተራዘመና የታገደ ምጥ ለባለ ጠባሳዋ እናት ለምን እንደሚያሰጋ፣ ምጥን በመድኃኒት ማፋጠን ለምን ጥንቃቄ እንደሚሻ፣ ጠባሳው ሳይጠና ቶሎ ማርገዝ ለምን እንደማይመከር ከዚሁ ይታያል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ወልደው በምጥ ለመውለድ የሞከሩ 17,898 እናቶችን ተከታትሏል። ከእነዚህ 73 ከመቶ ያህሉ ተሳክቶላቸዋል። ማሕፀናቸው የተተረተረው 124 ሲሆኑ ይህ ከሺህ 7 ማለት ነው። በኦክስጅን እጥረት የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሕፃናት 12 ነበሩ፤ በቀጠሮ እንደገና ከተሰነጠቁት እናቶች ሕፃናት መካከል ግን አንድም አልነበረም። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ምጥ በራሱ ሲጀምር የመተርተር ዕድሉ ከሺህ 5 ገደማ፣ ፕሮስታግላንዲን በተባለው የመድኃኒት ዓይነት ሲጀመር ግን ከሺህ 24 በላይ እንደሚሆን አሳይቷል። ከዚሁ ወገን የሆነው ሚሶፕሮስቶል ጠባሳ ያላትን ማሕፀን ለማስማጥ የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ የሚሳካላቸው እናቶች ወደ ግማሽ ገደማ ናቸው። የስኬት ዕድል ለሁሉም እኩል አይደለም። ከዚህ ቀደም አንድም ጊዜ ቢሆን በማሕፀን በር በኩል የወለደች እናት ዕድሏ ከፍተኛ ነው። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ሕፃኑ በመቀመጫው በመምጣቱ የተደረገ ከሆነ ምክንያቱ ላይደገም ይችላል። የእናቲቱ ዳሌ ጠብቦ ከሆነ ግን ሊደገም ይችላል።

የሌላው መንገድ ዋጋ

ታዲያ ለምን ሁሉም በቀጠሮ አይሰነጠቁም? አንዱ ቀዶ ሕክምና ለቀጣዩ ዕዳ ትቶ ስለሚያልፍ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ30,000 በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን የመረመረ ጥናት የእንግዴ ልጁ በማሕፀን ግድግዳ ውስጥ ሥር ሰድዶ አልላቀቅ የሚልበትን አደገኛ ሁኔታ ቆጥሯል። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከሺህ 3 ያህል፣ በሦስተኛው ከሺህ 6 ያህል፣ በአራተኛው ከሺህ 21፣ በስድስተኛውና ከዚያ በላይ ከሺህ 67 ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሁኔታ ብዙ ደም የሚያፈስስና ብዙውን ጊዜ ማሕፀንን እስከ ማውጣት የሚያደርስ ነው።

ሁለት ልጅ ብቻ ለምትሻ እናት ይህ ሠንጠረዥ ብዙም አያስፈራትም። በ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት መሠረት ግን አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልድ ነበር። አራትና አምስት ልጅ ለምታስብ እናት በሁለተኛው ልጅ ላይ የሚደረገው ውሳኔ የአምስተኛውንም ዕጣ ይነካል። ስለዚህ ባልና ሚስት ስንት ልጅ እንደሚፈልጉ ለሐኪሙ መንገራቸው የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ሦስተኛው መለኪያ፦ ሰዓት

እስካሁን የጠቀስናቸው የአደጋ መጠኖች የተገኙት የቀዶ ሕክምና ክፍል በቅርብ ባለበት ነው። ከሺህ ሰባት የሚለው ቁጥር ማሕፀን ስንት ጊዜ እንደሚተረተር እንጂ ከተተረተረ በኋላ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። ይህን የሚወስነው ጊዜ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማሕፀን በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ይፈስሳል፤ የእናቲቱ ጠቅላላ ደም ደግሞ ስድስት ሊትር ገደማ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሕፃኑ የልብ ምት ከወደቀ በኋላ 18 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲያልፍ በሕፃኑ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደሚበረታ አመልክቷል። የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1999 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሐኪም ወዲያውኑ የሚገኝበት ቦታ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለው ምጥ እንዳይሞከር ሲመክር፣ በዚያች ሀብታም አገር እንኳ ብዙ ትናንሽ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን አቋርጠዋል።

አሁን ወደ ቡናው ምድር እንመለስ። በደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ የምትኖር እናት ከሆስፒታል 45 ኪሎ ሜትር ርቃ ብትገኝና አምቡላንሱ በጭቃው መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ጉዞው ብቻ 90 ደቂቃ ይወስዳል። ይህ ከጎጆዋ እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ የምትወሰድበትንና አምቡላንስ የሚጠበቅበትን ጊዜ አይጨምርም። አካባቢው ከአገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ መሆኑም ይታወቃል። ማሕፀን በመንደር ከተተረተረች 18 ደቂቃ የሚባለው ገደብ ትርጉም ያጣል። ጠባሳው በአዲስ አበባም በቴፒም አንድ ነው፤ ሰዓቱ ግን አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁለት መደምደሚያዎች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ባለ ጠባሳ እናት በቤቷም ሆነ ቀዶ ሕክምና በሌለበት ጤና ጣቢያ ማማጥ የሌለባት መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ሰንጠቃ በመፍራት ቀጠሮ ትቶ በቤት መቅረት ከሦስቱ ምርጫዎች ሁሉ የከፋው ነው። ሁለተኛው፣ ርቀትን ማሳጠር የሚቻል መሆኑ ነው። ሐኪሙን ወደ መንደሩ ማምጣት ባይቻል እናቲቱ ምጥ ሳይጀምራት ወደ ሆስፒታሉ መቅረብ ትችላለች።

በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ተሞክሮ ይህን ያሳያል። ሆስፒታሉ አስጊ እርግዝና ያላቸው እናቶች ቀናቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ በግቢው አለው። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ያለው መዝገብ ሲመረመር በማቆያው በኩል ከወለዱት 6,805 እናቶች መካከል የሞቱት ከመቶ ሺህ 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከመቶ ሺህ 1,333 ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች በሁሉም ነገር እኩል አልነበሩም፤ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚደርሱት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ የቁጥሩ ልዩነት ትልቅ ነው። በማቆያው ከቆዩት 39 ከመቶ ያህሉ፣ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 20 ከመቶ ያህሉ በቀዶ ሕክምና መውለዳቸውም ሊታይ ይገባል። የበለጠ የተሰነጠቁት ባነሰ ቁጥር ሞተዋል፤ በጊዜ ደርሰዋልና።

የእናቶች ማቆያ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም አለ። ባለ ጠባሳዋ እናት ግን መለየት ያለባት ነገር አለ። የጤና ጣቢያው ማቆያ ወደ አዋላጅ ነርሷ ያቀርባታል፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋት ግን ማደንዘዣ፣ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለው ሆስፒታል አጠገብ መቆየት ነው።

ምን ይደረግ?

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ የማሕፀኗ ቁርጥ ምን ዓይነት እንደ ነበርና ለምን እንደተደረገ የሚገልጽ ወረቀት በጽሑፍ ትጠይቅ። ወረቀቱም ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ቀጣዩን እርግዝና ቢያንስ ከሁለት ዓመት በኋላ ለማድረግ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ትጠቀም።

ባረገዘች ጊዜ ጠባሳ እንዳላት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ጉብኝት ትንገር። እርግዝናው 24 ሳምንት ሳይሞላው የአልትራሳውንድ ምርመራ ብታደርግ የጽንሱ ዕድሜ በትክክል ይታወቃል። በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከ39 ሳምንት በፊት ሲሆን ሕፃኑ የመተንፈስ ችግር ሊገጥመው ስለሚችል ይህ ቀን ዋጋ አለው። የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠም በዚያው ክትትል ይታያል።

ከዚያም ከማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ወይም ከድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጋር ተመካክራ ትወስን። አንድ አግድም ቁርጥ ብቻ ያላት፣ ሕፃኑ በጭንቅላቱ የሚመጣላት፣ ሌላ እንቅፋት የሌለባትና ሌሊትም ቀን ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ሆስፒታል ክትትል የምታገኝ እናት በምጥ ለመውለድ ብትሞክር ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቀጠሮው ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በሆስፒታሉ አጠገብ ማሳለፍ ያስፈልጋል። በምጥ መካከል የማያቋርጥ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም የምጡ በድንገት መቆም ከታየ ለባለሙያ ወዲያውኑ መነገር አለበት።

ለሳምንታት ከቤት መራቅ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። የመውለጃው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ከዋለ ቤተሰቡ የሚያጣው ጉልበትና ገቢ ይኖራል፤ የቀሩትን ልጆች የሚጠብቅም ያስፈልጋል። እንግዲህ ባል፣ እናትና ጎረቤት ይህን አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባው በስድስተኛው ወር፣ መንገዱ ሳይዘጋና ምጡ ሳይመጣ ነው።