ጫካው ቅጠሉን ሲያራግፍ የሌሊት ወፎች የት ይገባሉ?

ለጥምቀት ጎንደር የሄደ ሰው የፋሲል መዋኛን ሳያይ አይመለስም። ግንቡን በሥራቸው ጨምድደው የያዙትን ዛፎች ግን ማን ተከላቸው? ማንም። የዋርካና የሾላ ወገን ፍሬ ሆዱ ሙሉ ደቃቅ ዘር ነው። ወይ ወፍ ወይ የሌሊት ወፍ ትበላውና ዘሩን ከኩሷ ጋር የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትጥለዋለች፤ እዚያው ሥር ይሰዳል። የቀኑን ፈረቃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ስለ ሌሊቱ ላጫውታችሁ።

በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች አሉ፤ በኢትዮጵያ ብቻ ከ70 በላይ ተመዝግበዋል። ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ መተማና ቋራ ስትወርዱ፣ ጽድና ወይራው ቀርቶ ዋልያ መቀሩ (የዕጣኑ ዛፍ)፣ ሽመሉና ዲማ የሚባለው ግዙፉ ባኦባብ ይቀበሏችኋል። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ጫካው ቅጠሉን ማራገፍ ይጀምራል፤ የካቲት ላይ ብታዩት የሞተ ይመስላችኋል። ታዲያ የዓመቱን ግማሽ ራቁቱን የሚቆም ጫካ ብዙ ዓይነት የሌሊት ወፍ እንዴት ያኖራል?

የመልሱ ግማሽ ክንፋቸው ላይ ነው። ነፍሳት አዳኞቹ ድምፅ ያወጣሉ፤ ድምፁ የሆነ ነገር ገጭቶ ሲመለስ አዳምጠው የነገሩን ቦታ ያውቃሉ። አብዛኛው ድምፃቸው ከ20,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ ለእኛ ጆሮ አይሰማም። የት እንደሚያድኑ የሚለየው ግን ክንፋቸው ነው። ክንፉ ረጅምና ጠባብ የሆነው ወገን ፈጣን ነው፤ እንደልቡ ግን አይተጣጠፍም። ስለዚህ ከዛፎቹ አናት በላይ ባለው ገላጣ ሰማይ ያድናል። አጭርና ሰፊ ክንፍ ያለው ቀስ ብሎ ይበራል፤ ቁጥቋጦና ሽመል መሀል ገብቶ ቅጠል ላይ ያረፉትን ነፍሳት ሳይቀር ይለቅማል። አንዱ የሌላውን ማዕድ አይነካም።

እኔ ከሁሉም የምወዳት ባለ ቢጫ ክንፏን ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ግራር በሚበዛባቸው ቆላዎች ትኖራለች። ዋሻ አትፈልግም፤ ቀኑን ግራር ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። ሲመሽም እንደ ሌሎቹ ሰማዩን አታስስም። እዚያው ሆና ረጃጅም ጆሮዎቿን እያዞረች ትጠብቅና፣ ጥንዚዛ ሲያልፍ ተወርውራ ይዛ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ወንድና ሴቷ ጥንድ ሆነው የራሳቸውን ክልል ይይዛሉ፤ ሌላ ጥንድ ድርሽ አይልባቸውም።

ፍሬ በሎቹ ደግሞ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ፊታቸው ውሻ መሳይ ነው፤ አብዛኞቹ የሚመሩት በዓይናቸውና በአፍንጫቸው ነው። ሾላ ላይ ሲደርሱ አንድ ፍሬ ነጥቀው ወደ ሌላ ዛፍ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ጭማቂውን መጥጠው ገለባውን አድቦልቡለው ይተፉታል። ግቢያችሁ ውስጥ ሾላ ወይም ዋርካ ካለ በማለዳ ዙሪያውን ፈልጉ፤ የተመጠጠ የገለባ ድብልብል ካገኛችሁ ማታ እንግዳ ነበራችሁ ማለት ነው። የሾላ ዛፎች ሁሉም በአንድ ወር አያፈሩም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ስለዚህ በደረቁ በጋም የሆነ ቦታ ላይ ምግብ አይጠፋም።

ዲማም የራሱ ጉድ አለው። ተዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ትልቅ ነጭ አበባው ሲመሽ ይፈካል፤ በማግስቱ ይጠወልጋል። ያን አንድ ሌሊት ፍሬ በሎቹ ወለላውን ሊልሱ መጥተው አበባውን ሲያቅፉ ደረታቸው ብናኝ በብናኝ ይሆናል፤ ይዘውትም ወደ ሌላው ዲማ ይበራሉ። የሽማግሌ ዲማ ግንድ ሲቦረቦር ደግሞ ለነፍሳት አዳኞቹ የቀን መኝታ ይሆናል።

የቀረው ውኃ ነው። የሌሊት ወፍ የምትጠጣው እየበረረች ስለሆነ ላዩ ገላጣ የሆነ ኩሬ ያስፈልጋታል። የወንዝ ዳር ዛፎችም ሥራቸው ከእርጥበት ስለማይርቅ ቅጠላቸውን ቶሎ አያራግፉም፤ ነፍሳቱም ወደዚያው ይሰበሰባሉ። በበጋ ወደ ኩሬ መሰብሰብ የሰውም የቆየ ብልሃት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት መሠረት፣ መተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን ዓሣውን ይበሉ ነበር።

እንግዲህ ገላጣው ሰማይ፣ ቁጥቋጦው፣ ግራሩ፣ የተቦረቦረው ግንድና ወንዝ ዳሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ነዋሪ አላቸው። ለዚህም ነው «ስንት ሄክታር ጫካ ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይበቃው። ቋራ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ስሙ የገነነው አንበሶች እንዳሉበት ሲረጋገጥ ነው፤ ከፓርኩ ውጭ ግን የሰሊጡ እርሻ ጫካውን እየገፋ ነው። ማሳ የሚመነጥር ገበሬ ሁሉንም ዛፍ ማስቀረት ባይችል እንኳ የትኛውን እንደሚተው መምረጥ ይችላል፤ የተቦረቦረ ዲማና የወንዝ ዳር ሾላ ለጣውላ እምብዛም አይረቡምና መተዉ ብዙ አያከስረውም። ፍሬ በሎቹ ገላጣ ማሳ መሻገር አይፈሩም፤ ዘሩንም በአየር ላይ እያሉ ይጥላሉ። ማሳ መሀል የቀረ አንድ ሾላ፣ ነገ መሬቱ ጦም ሲያድር ጫካው ተመልሶ የሚጀምርበት ቦታ ሊሆን ይችላል።