ኤሊ በልጅነቷ እርጥበት ትሻለች

በአርባ ምንጭ አጠገብ ያለው የነጭ ሳር ሜዳ በየካቲት ፀሐይ ደርቆ ሲነጣ ያየ ሰው፣ ኤሊ ደረቅ አገር የሚስማማት እንስሳ ትመስለዋለች። ለትልቋ ኤሊ ይህ ከእውነት ብዙ አይርቅም። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የምትገኘው፣ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ዥጉርጉር የሆነው የየብስ ኤሊ በጋውን ችላ ታልፈዋለች። አዲስ የተፈለፈለችው ጨቅላ ግን ርዝመቷ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከክብደቷ አንጻር ለአየር የሚጋለጠው ገላዋ ሰፊ ስለሆነ በውስጧ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል።

ታዲያ በዱር እንዴት ትተርፋለች? እንቁላሉ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ጨቅላዋም አብዛኛውን ጊዜ የምትወጣው ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልስላት ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይጥላል፤ በመስከረምና በጥቅምትም ይመለሳል። ከወጣች በኋላ በረጅም ሣር ሥርና በወዳደቀ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጋ ትውላለች። እዚያ ጥላ ስላለ ቀዝቀዝ ይላል፤ አየር ሲቀዘቅዝ ደግሞ አንጻራዊ እርጥበቱ ይጨምራል። በ35 ዲግሪ ሙቀት 30 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርበት 70 በመቶ ይደርሳል። ከአፈሩና ከሣሩ የሚወጣው ተን ሲታከልበትማ ከዚያም ይበልጣል።

ይህ እርጥበት ቅርፊቷንም ያስተካክላል። የቅርፊቱ ሽፋን እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ሲሆን፣ አዲሱ እድገት ቅርፊቱ በተከፋፈለባቸው ገበታዎች ጠርዝ ላይ ይጨመራል። አየሩ በጣም ከደረቀ አዲሱ ጠርዝ ሳይዘረጋ ይጠነክራል፤ ገበታዎቹም እየሾጠጡ ጉብታ ያወጣሉ ተብሎ ይታሰባል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ጥናት በሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ የሚኖረውን የኤሊ ዝርያ 50 ጨቅላዎች ለ5 ወራት አሳድጎ ተመልክቷል። የምግቡ ፕሮቲን በጉብታው ላይ ያሳየው ተጽዕኖ ትንሽ ነበር፤ በደረቅ አየር ያደጉት ግን በእርጥብ ካደጉት ይልቅ በግልጽ ጎበጡ።

ስለዚህ አሳዳጊዎች ለጨቅላ ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ይመክራሉ። ኤሊዋ ስታድግ ገላዋ ውሃ መያዝ ይችላል፣ የቅርፊቷም እድገት ይዘገያል፤ ያኔ እርጥበቱ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ቢወርድ አትጎዳም። ሙቀት የሌለው እርጥበት ግን ሳንባን ያሳምማል። ለዚህ ነው ከአርባ ምንጭ በላይ ያለው የጨንቻ ደጋ ጉምና ብርድ ለዚህች የቆላ ኤሊ የማይሆነው። መለኪያውም ግድግዳ ላይ ሳይሆን እሷ በምትተኛበት ከፍታ ይቀመጥ፤ መሸሸጊያዋ እርጥብ አፈር ይኑረው፤ ለብ ባለ ጥልቀት በሌለው ውሃም ትነከር።

ይህ ሁሉ በፈቃድ ለሚያሳድግ ነው። በሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። መንገድ ዳር ጨቅላ ኤሊ ያገኘ ልጅ ወደ ቤት ቢወስዳት፣ በሲሚንቶ ወለል ላይና በደረቅ ካርቶን ውስጥ የሣሩን ሥር አየር አታገኝም። ሊረዳት ከፈለገ ከመንገዱ አንስቶ ትሄድበት በነበረው አቅጣጫ ሣር ውስጥ ያስቀምጣት። ለማደግ የሚያስፈልጋት እርጥበት ያለው እዚያ ነው።